ፒዩት የማይባል ነገር

ኦደንሴ፣ ዴንማርክ
ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና እንደ እናት ላሳደጉኝ አክስቴ ለእትዬ ሸዋርካብሽ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ከሱቅዎ ደጃፍ አይራቅ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የጆንያው ገበያስ? እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ተመስገን ነው። አሁንም የምኖረው በጋሽ ደመቀ እህት፣ በእትዬ አዲስዓለም ቤት ነው። ጋሽ ደመቀ ባያናግሩልኝ ኖሮ በዚህ አገር ማን ጣራ ይሰጠኝ ነበር እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ። ከሱቅዎ አጠገብ ናቸውና ሰላምታዬን በቆርቆሮው በኩል ያቀብሉልኝ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስላሳፈረኝ ነገር ነው። እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፤ ይሳቁ።

የምሠራው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በሚጦሩበት ቤት እንደሆነ ነግሬዎታለሁ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ ምሳ አቀርባለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ካልሲ አለብሳለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፤ «ፒዩት» ትባላለች። ለማፏጨት እንደሚያደርጉት አፍን አሹሎ ነው የምትባለው። ስትረዝም «ፒዩት ሜ ዴ» ትሆናለች። ሾርባ ሲደፋ ፒዩት። አውቶቡስ ሲያመልጥ ፒዩት። እኔ ሳህን ስሰብር አለቃችን ሳትቀር ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ፒዩት አለችኝ። ደስ አለኝ። ይቺ የነሱ «አይዞሽ» ናት ብዬ ያዝኳት።

ባለፈው ሳምንት ኢንገር የሚባሉ አሮጊት ባላቸው ሞቱባቸው። ሃምሳ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። እዚህ አገር ለቅሶ ድምፅ የለውም፤ ሴትዮዋ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብለዋል፣ ሰው ሁሉ በእግሩ ጣት ይራመዳል። አንጀቴ አልችል አለ። ሄጄ ጥምጥም አልኩባቸውና እኛ አገር እንደሚደረገው አብሬያቸው አለቀስኩ። ከዚያ አይዞዎት ልል ፈልጌ «ፒዩት ሜ ዴ፣ ኢንገር፣ ፒዩት ሜ ዴ» አልኳቸው።

እትዬ፣ አለቃዬ ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ። ቃሏ ለካ «ትንሽ ነገር ናት፣ ተዪው፣ አታንሺው» ማለት ናት። ለአይዞሽ ቅርብ ብትመስልም ለትልቅ ሐዘን አትነገርም። የሃምሳ ሁለት ዓመት ባል ለሞተባቸው ሴትዮ «ምን አለበት፣ ይተዉት» ብያቸው አረፍኩት! ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

በማግስቱ ኢንገር አስጠሩኝ። ሊያስባርሩኝ ነው እያልኩ ገባሁ። «ቁጭ በይ» አሉኝ፤ «ይህን ቃል በደንብ ሳትማሪ ከኔ አትላቀቂም።» አሁን ሥራዬን ስጨርስ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያስተምሩኛል። አንድ ነገር ይጠሩልኛል፤ ፒዩት የሚባልበት ከሆነ እላለሁ፣ ካልሆነ ዝም እላለሁ። ጃንጥላ ጠፋ። ፒዩት። ውሻ ሞተ። ዝም። ኬክ አረረ። ፒዩት። ትናንት ከአስር ስምንት አገኘሁ።

የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ሳያፍሩ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሳምራዊት


መርካቶ፣ አዲስ ከተማ
ህዳር 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምራዊት፤

አምላክ ከእግርሽ እንቅፋትን፣ ከአፍሽ ደግሞ የማታውቂውን ቃል ያርቅልሽ። አሜን በይ! ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ ጭድ ተራ ድረስ ተሰምቷል። የሰው ባል ሞቶ «ይተዉት»! እኔ ብሆን በጆንያ መርፌ ነበር የምወጋሽ። ሴትዮዋ ጨዋ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ቃሏንም ብቻዬን ሆኜ ሞከርኳት፤ ምራቅ ልተፋ ብዬ የተውኩት መሰለኝ።

በይ ሳቁ ይብቃ። አሁን የምነግርሽ የሚያስቅ አይደለም።

በመስከረም የአባትሽን የሰባት ዓመት ተዝካር ላወጣ ደጀን መሄዴን ታውቂያለሽ። አስራ ሁለት ቀን ቆይቼ ተመለስኩ። ሱቄን ከፍቼ ስገባ ትከሻዬ ግድግዳ ነካ። ተዝካር በልቼ ወፈርኩ እንዴ አልኩ። በክንዴ ለካሁት። አራት ክንድ የነበረው ሱቄ ሦስት ሆኗል! ደመቀ ቆርቆሮውን አንስቶ፣ ቋሚውን ነቅሎ፣ አንድ ክንድ ወደኔ ገፍቶ ተክሎታል። የወሰደውን መሬት ሲሚንቶ አልብሶ የፕላስቲክ ባልዲውን ደርድሮበታል። «ምነው ደመቀ?» ብለው «እንዴ እትዬ፣ ግድግዳው ድሮም እዚሁ ነው» አለኝ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ነገሩ ለአንድ ክንድ ብቻ እንዳይመስልሽ። ተራችን ሊፈርስና ፎቅ ሊሠራበት ነው፤ በመጋቢት መጨረሻ ለኪዎች ይመጣሉ። አራት ካሬ የሞላ ሱቅ ተመዝግቦ በፎቁ ላይ ቦታ ያገኛል። ያልሞላ ይሰረዛል። የኔ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ልክክ ያለ አራት ነበር። አሁን ሦስት ነው። የደመቀ ደግሞ ሰባት ነበር፤ ዛሬ ስምንት ሆኖ ለሁለት ይከፈልና አንዱ በሱ፣ አንዱ በሚስቱ ስም ይወጣል። እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ጆንያ ከሰፋሁበት ቦታ ተሰርዤ ሜዳ ላይ ልቀር ነው።

የተራው ሽማግሌ ሐጂ እንድሪስ «ምስክር አምጪ» አሉኝ። ወረቀት የለኝም፤ በዚህ ተራ ለቆርቆሮ ግድግዳ ማን ወረቀት ያወጣል? በ85 ክረምት ግድግዳው ወድቆ ሲተከል የተከሉት ባለቤቴ አለሙና ደመቀ ናቸው። እኔ በታይፎይድ ተኝቼ ነበር። አለሙ ነፍሱን ይማረውና የለም። የሲባጎውን ጫፍ ይዘሽላቸው የቆምሽው አንቺ ነሽ፤ አስራ አራት ዓመትሽ ነበር።

የሚያስፈልግዎን ይጻፉ ብለሻል። ጫማ አልፈልግም፣ ሹራብ አልፈልግም። ያየሽውን በወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ።

አክስትሽ ሸዋርካብሽ


ኦደንሴ
ጥር 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እዚህ በረዶው ደጁን ዘግቶታል፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይመሻል። ትምህርቴ ግን ጥሩ ነው፤ ባለፈው አርብ ከኢንገር አስር ከአስር አገኘሁ።

ስለ ግድግዳው የጻፉልኝን አንብቤ አዝኛለሁ። ያኔ ግን ልጅ ነበርኩ፤ ብዙም የማስታውሰው ነገር የለም። ጋሽ ደመቀም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ምናልባት ተሳስተው ይሆናል። እኔ የምፈራው ለእርስዎ ጤና ነው። በዚህ ዕድሜ ከጎረቤት ጋር እሰጥ አገባ ምን ያደርግልዎታል? እዚህ አገር ሰው በሆነ ባልሆነው ልቡን አያደክምም። እርስዎም አንድ ጊዜ ፒዩት ይበሉትና ይረፉ።

በእትዬ አዲስዓለም ዘመድ እጅ የሱፍ ሹራብ ልኬልዎታለሁ። ልክዎ ይመስለኛል።

ሳምራዊት


መርካቶ፣ አዲስ ከተማ
ጥር 23 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለሳምራዊት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ እኔን ሰላም ብትነሺኝም።

ሹራቡ ደረሰኝ። ለብሼዋለሁ፤ ሱፉ ምን አጠፋ።

«ልጅ ነበርኩ፣ አላስታውስም» ትያለሽ። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪሽ የነጠላዋ ጥለት ምን ቀለም እንደነበረ እስከ ዛሬ የምታወሪ ልጅ! አንቺን ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ እኮ። ስትዋሺ አጭር አጭር እንደምትናገሪ አውቃለሁ፤ ደብዳቤሽ ደግሞ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም።

ቃልሽን ካንቺ ይልቅ እኔ ሳልማራት አልቀረሁም። ስሚ። ሰኞ አንድ ኩሊ ከአትክልት ተራ ቃሪያ ተሸክሞ ሲሮጥ እግሬን ረግጦኝ አለፈ፤ ጥፍሬ ጠቆረ። በልቤ ፒዩት አልኩ። ማክሰኞ አዲሱን ሲባጎዬን አይጥ በላው። ፒዩት። ረቡዕ መሳለሚያ ላይ ከታክሲ ስወርድ ነጠላዬ በሩ ላይ ተይዞ ተቀደደ። ወያላው ደነገጠ፤ እኔ ግን ፒዩት ብዬ ሄድኩ። ሐሙስ ሱቄን ከፍቼ ስገባ ግድግዳው ትከሻዬን ነካኝ። ቃሏ ከአፌ አልወጣም አለች። ሴትዮሽ እኔን ቢፈትኑኝ አስር ከአስር ሰጥተው ይሸኙኝ ነበር።

እኔ ልረፍ? የት አባቱ! አሁን ምን እንደማደርግ ልንገርሽ። በየጠዋቱ ዱካዬን አንጠልጥዬ ደመቀ ሱቅ ውስጥ እገባለሁ። ባልዲዎቹን ገፋ አድርጌ፣ በዚያች በወሰዳት ክንድ ላይ፣ በሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ ጆንያዬን እሰፋለሁ። «እትዬ፣ ኧረ ይውጡልኝ» ይላል። «ከገዛ ሱቄ ወዴት ልውጣ?» እለዋለሁ። ትናንት ባልዲ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ከኔ ጆንያ ገዝተው ሄዱ። ደመቀ ሊፈነዳ ደረሰ። አሮጊት ሴት ገፍትሮ ማውጣት ደግሞ በዚህ ተራ አይቻልም፤ ኩሊዎቹ ይበሉታል። እንደ ዘንድሮ ጤነኛ ሆኜ አላውቅም፤ ለጤናዬ አትጨነቂ።

ወረቀቱን አሁንም እጠብቃለሁ።

ሸዋርካብሽ


መርካቶ፣ አዲስ ከተማ
የካቲት 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለሳምራዊት፤

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። መልስሽን ሳልጠብቅ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ስለሰማሁ ነው።

ትናንት ሐጂ እንድሪስ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው እኔንና ደመቀን ፊት ለፊት አስቀመጡን። የኔን ተናገርኩ። የሱ ተራ ሲደርስ ሳቅ ብሎ «እትዬ ሸዋርካብሽ፣ አንድ ክንድ ምን አላት? ፒዩት ይበሏት» አለ። ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። «በዴንማርክ አገር ትንሽ ነገርን ተወው ሲባል ነው። የገዛ ልጃቸው ሳምራዊት እንዲህ እንዳላቸው ነግራኛለች» አላቸው።

እኔ ያቺን ቃል ለማንም አልተነፈስኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው የጻፍኩት። ሃያ ስምንት ዓመት በመርካቶ ስኖር በሰው ፊት መልስ ያጣሁት ትናንት ነው።

ሽማግሌዎቹ «እንግዲያው ክንዷን ግማሽ ግማሽ ተካፈሉ» አሉ። እምቢ አልኩ። ግማሹ ቢመለስ ሦስት ተኩል ካሬ ነው፤ ሦስት ተኩል አይመዘገብም። ደግሞስ የኔን ለምን ከሱ እካፈላለሁ? ሐጂ እንድሪስ እስከ መጋቢት አስራ አምስት ጊዜ ሰጥተውኛል። እስከዚያ ምስክር ካላመጣሁ ግድግዳው ባለበት ይጸናል።

አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ደውሎልሻል? ስንት ጊዜ? ምን ብለሽ መለስሽለት?

ያለሽበት ቤት የእህቱ መሆኑን ረስቼ የምጠይቅሽ እንዳይመስልሽ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ አስቤዋለሁ። አውቄ ነው የምጠይቅሽ።

ሸዋርካብሽ


ኦደንሴ
የካቲት 27 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እትዬ ሸዋርካብሽ፤

ጾሙ የበረከት ይሁንልዎ። አድራሻዬ ተቀይሯል፤ ከፖስታው ጀርባ ይመልከቱ።

አዎ፣ ደውለውልኛል። ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው በህዳር፣ ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ነው። «እትዬ ስለ ግድግዳ ይጽፉልሽ ይሆናል፤ አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታስታውሻለሽ?» አሉኝ። ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ዝም አልኩ። ደብዳቤዎ ሲደርስ ገባኝ። በታህሳስ ሲደውሉ እትዬ አዲስዓለም አጠገቤ ቆመው ነበር። ደጁ በረዶ ነው፤ ሻንጣዬን ይዤ በዚያ በረዶ ላይ ስቆም ታየኝ። «ፒዩት ይበሉት እላቸዋለሁ» አልኩ። ሦስተኛው ጊዜ ምን እንደጻፍኩ ሊጠይቁኝ ደወሉ፤ ነገርኳቸው።

ይህንን የየካቲቱን ደብዳቤዎን ይዤ ኢንገር ዘንድ ገባሁ። እንደ ልማዳችን በፈተና መልክ ጠየቅኳቸው። «ግድግዳ አንድ ክንድ ተገፋ» አልኳቸው። ዝም አሉ። «አንድ ክንድ ስንት ነው?» አሉ። በክንዴ አሳየኋቸው። «ማን ገፋው?» ጎረቤት። «ሴትየዋ የት ነበረች?» የአባቴን ተዝካር ልታወጣ ሄዳ፤ ተዝካር ምን እንደሆነም አስረዳኋቸው። «እና ፒዩት ያለችው እሷ ናት?» አይደለችም፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። «አንቺ ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ። ምንም።

«ስሚ» አሉኝ። «የራስሽ ሾርባ ሲደፋ ፒዩት ትያለሽ። ሌላ ሰው ሳያውቅ የደፋብሽ እንደሆነ፣ እንዳያፍር ፒዩት ትይዋለሽ። የሌላውን ሰው ሾርባ አንዱ ቀምቶ ሲጠጣበት ግን ባለቤቱን ፒዩት በል አትይውም። ያን ጊዜ የምትረጂው ቀማኛውን ነው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አልተቆጡኝም።

የዚያኑ ዕለት ለእትዬ አዲስዓለም «ልመሰክር ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ሻንጣሽን አውጪ» አሉኝ። አወጣሁ። አብራኝ ከምትሠራ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርተን ነው ያለነው። በረዶውም አልገደለኝም።

አላስታውስም ያልኩት ውሸት ነው። እርስዎ እንኳ የማያውቁትን አስታውሳለሁ። ምስክርነቴን ከዚህ ጋር በሪኮማንዴ፣ በአደራ ፖስታ፣ ልኬዋለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ ይስጡልኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ዝም ያልኩበትን ጊዜ፣ ለእኔ ሲሉ፣ አንድ ጊዜ ፒዩት ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሳምራዊት


ለተከበሩ ሐጂ እንድሪስና ለተራው ሽማግሌዎች፤

እኔ ሳምራዊት ይገረም በ1985 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በእትዬ ሸዋርካብሽና በጋሽ ደመቀ ሱቅ መካከል ያለው ግድግዳ በዝናብ ወድቆ እንደገና ሲተከል እዚያው ነበርኩ። የሲባጎውን አንድ ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሽ አለሙ ከእትዬ በር ቋሚ ጀምረው በክንዳቸው አራት ለኩ፤ ጋሽ ደመቀም በራሳቸው ክንድ ለክተው «ልክ ነው» አሉ። ጉድጓዱ ተቆፈረ።

ቋሚው ከመግባቱ በፊት ጋሽ አለሙ «ሳምሪ፣ ከሰል አምጪ» አሉኝ። በጣሳ ሙሉ አመጣሁላቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ከታች ደፉት። ጋሽ ደመቀ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሲሏቸው «በኛ አገር ድንበር ሲተከል ከስሩ ከሰል ይቀበራል። እንጨት ይበሰብሳል፣ ድንጋይ ይነሳል፣ ከሰልን ግን መሬት አይበላውም» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ። ጋሽ ደመቀም ከጣሳው የቀረውን አንድ እፍኝ በእጃቸው ጨመሩ። ከዚያ አፈር ተመልሶበት፣ ተጠቅጥቆ፣ ቋሚው ገባ።

ቋሚው ቢነቀልም ከሰሉ ጠልቆ ስለተቀበረ ከቦታው የተነሳ አይመስለኝም። ሲሚንቶው ይቆፈር። ከሰል ካልተገኘ በተራው ሁሉ ፊት ውሸታም ብላችሁ ስሜን ጥሩት።

ሳምራዊት ይገረም


መርካቶ፣ አዲስ ከተማ
ሚያዝያ 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳምራዊት፤

የፈጠረሽ አምላክ በሰው አገር ጣራ አያሳጣሽ። ደብዳቤሽ መጋቢት አስራ ሦስት ቀን ገባ፤ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ማለት ነው። በሪኮማንዴ መላክሽ ጎሽ የሚያሰኝ ነው።

ሐጂ እንድሪስ ሱቃችን ደጃፍ ቆመው፣ ሽማግሌው ሁሉ ተሰብስቦ፣ እሳቸው ራሳቸው ጮክ ብለው አነበቡት። ከሰል የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ደመቀን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ረስቶት ኖሯል! በገዛ እጁ የጨመረውን ረስቶታል። «ሲሚንቶዬን ማንም አይነካውም!» ብሎ ጮኸ። ሐጂ እንድሪስ ረጋ ብለው «ከሰል ከሌለ ሲሚንቶውን እኔ አስለብስልሃለሁ» አሉት። ባልዲዎቹ ወጡ፤ ሁለት ኩሊዎች ዶማ ይዘው ገቡ።

ሲሚንቶው ተሰበረ። ከስሩ አፈር ነው። አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ወረዱ፤ ባዶ። ደመቀ መሳቅ ጀመረ። «በቃ፣ ያቺ ልጅ በብርድ አእምሮዋ ተነክቷል» አለ። ቆፋሪው ላቡን ጠርጎ «እትዬ፣ ይብቃ?» አለኝ። «ቆፍር!» አልኩት። ሁለት ጊዜ ዶማውን አንስቶ መታ። ሦስተኛው ላይ ጥቁር ነገር ተፈናጥሮ ወጣ።

ሳምሪ፣ ጣት ጣት የሚያክል ከሰል፣ ትናንት የተቀበረ እንጂ አስር ዓመት የሞላው አይመስልም። በነጠላዬ ተቀበልኩት። አለሙ እጁን የዘረጋልኝ መሰለኝና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው ቆሞ እያየኝ፣ አላፈርኩም። እኔ በትኩሳት ስቃዥ እሱ ይህን አስቦልኛል፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም፣ ያ ዝምተኛ ሰው።

ደመቀ የዚያኑ ቀን ቆርቆሮውን አንስቶ ቋሚውን ወደ ቦታው መለሰ። ማንም አላገዘውም። ለኪዎቹ መጋቢት ሃያ ስድስት መጡ፤ ሜትራቸውን ዘረጉ፣ ሁለት በሁለት። «ስም?» ሲሉኝ ከነአያቴ ጠራሁላቸው። ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ለመዝጋቢው አይደለም፤ በቆርቆሮው ማዶ ላለው ነው። ከደመቀ ጋር ጠዋት ጠዋት እግዚአብሔር ይመስገን እንባባላለን፤ ከዚያ አያልፍም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

አንድ ጊዜ ፒዩት ይበሉልኝ ብለሻል። አልልም። አራት ወር ሙሉ ብቻዬን ተሟግቻለሁ። በሽማግሌ ፊት የገዛ ልጄ ቃል ተይዞብኝ አፌ ተዘግቷል። ለአባትሽ ነፍስ ሄጄ የተወሰደብኝን ክንድ አንቺ ትንሽ ነው ብለሽ ጽፈሽልኛል። ይህ የተደፋ ሾርባ አይደለም። የበደልሽኝን ምንም አይደለም ካልኩሽ፣ አንቺንም ምንም አይደለሽም ማለቴ ነው። እኔ እንደዚያ የምላት ልጅ አላሳደግሁም።

ይቅርታ ግን አለኝ። ሙሉ አለኝ። በፖስታ አልልከውም። ፈቃድ ስታገኚ ነይና ሱቄ ውስጥ ፊቴ ቁመሽ «እትዬ፣ በድዬዎታለሁ» በዪኝ። የፈረንጅ ቃል አትጨምሪበት። ያን ጊዜ አንገትሽን አቅፌ አለቅሳለሁ፤ ደመቀም በቆርቆሮው ማዶ ይስማን። እስከዚያ ድረስ ተቀይሜሻለሁ፤ ሽማግሌ ልከሽ ግማሹን ተዪልኝ ብትዪኝም አልተውም።

ክፍልሽ ይሞቃል ወይ? መስኮቱስ በደንብ ይዘጋል? ቶሎ ጻፊልኝ፣ አትዘግዪብኝ።

አክስትሽ ሸዋርካብሽ